የጋሽ ናዳ ደብዳቤ እና የሦስተኛው መስኮት ጥያቄ

ሰው ተሰደበ ሲባል፣ ወሬውን የሚያወራው ከማን ወገን እንደሆነ ከአነጋገሩ ይታወቃል። የተሰደበውን የማይወድ ከሆነ «ልክ ልኩን ነገረችው» ይላል፤ አንጀቱ ቅቤ ጠጥቷል። ለተሰደበው የሚያዝን ከሆነ «አፏን ከፈተችበት» ይልና ዝም ይላል። ምን እንዳለችው አይደግምም፤ መድገሙ ራሱ ሁለተኛ ስድብ ነዋ። ዳር ቆሞ ጠቡን ሲኮመኩም የነበረው ደግሞ «ሙልጭ አድርጋ ሰደበችው» ብሎ ይስቃል። «የስድብ ናዳ አወረደችበት» ብሎ በአፉ የሚያወራ ሰው ግን እኔ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እሱ የወረቀት ቃል ነው። ክራቫት አስሮ ቢሮ የሚገባ ቃል።

እኛ መንገድ ላይ ይህን ቃል ክራቫት የሚያስርለት አንድ ሰው ነበር። ስሙም ከዚያው ወጣለት፤ ጋሽ ናዳ።

እኔ ከውሃ መሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ጋሽ ናዳ ከቤቴ ክፈፍ ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ ለራሱ ወንበር፣ ለደንበኛው ዱካ ዘርግቶ ማመልከቻ ይጽፋል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጽፏል። ሰማያዊ እስክሪብቶ ለጽሑፉ፣ ቀይ ደግሞ «ጉዳዩ» ከሚለው ሥር ለማስመር። የጻፈውን ለደንበኛው ጮክ ብሎ ያነብለታል፣ ያስፈርመዋል፣ ከዚያ በመስኮቴ ያቀብለኛል። ሦስት ኮፒ አነሳለታለሁ፤ አንዱ ለደንበኛው፣ አንዱ ለግልባጭ፣ አንዱ ለራሱ ፋይል። ስለዚህ የዚህን ከተማ ብሶት ሁሉ እኔ ማሽኑ መክደኛ ሥር አንብቤዋለሁ ማለት ነው።

ስለ ሥራው ሲጠየቅ አንድ የማይለወጥ መልስ አለው። «እኔ ቱቦ ነኝ። አልጨምርም፣ አልቀንስም። የገባውን አወጣለሁ» ይላል፤ የውሃ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጦ ሌላ ምን ሊል ነው። ውነቱን ለመናገር ግን ቱቦም ቢሆን ውሃው ላይ የራሱን ጣዕም ይተዋል። ደንበኛው «ተቆጣኝ» ቢል፣ «አመናጨቀኝ» ቢል፣ «አፉን ከፈተብኝ» ቢል፣ ጋሽ ናዳ እስክሪብቶውን አንዴ በጆሮው፣ አንዴ በወረቀቱ አስኬዶ ያው የፈረደበትን ያወርደዋል፦ «ያለ አንዳች ጥፋቴ የስድብ ናዳ አወረደብኝ»። የ«ናዳ»ን የ«ዳ» እግር ደግሞ እስከ ታችኛው መስመር ድረስ ይጎትታታል፤ ስታዩት ድንጋዩ ራሱ የሚንከባለል ይመስላችኋል። ሰዉ ይህን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል። በገዛ ቤቱ «ተቆጣኝ» ብሎ የወጣ ሰው፣ ናዳ የወረደበት ትልቅ ሰው ሆኖ ይመለሳላ።

ጋሽ ናዳ አንዲት ልጅ ነበረችው። እናቷ ከሞተች በኋላ ብቻውን ያሳደጋት፣ ረጋ ያለች፣ ቀልድ የምታውቅ ልጅ። እዚያው ውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ፣ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቷት ነበር። ሥራዋ ከኋላ፣ ፋይል ክፍል ነው፤ ሰው አያያትም። ጋሽ ናዳ በየጠዋቱ ጠረጴዛውን ሲዘረጋ ቀኑን ይነግረኛል። አስር ቀን። ዘጠኝ ቀን። ከዚያ በኋላ ቋሚ ሠራተኛ ልትሆን ነው። በቤታቸው ታሪክ ቋሚ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ከእሱ ጠረጴዛ አንድ እግር በስተቀር፣ እሱም የቆመው በእኔ ካርቶን ነው።

ዘጠኝ ቀን በቀረበት ዕለት፣ ለምሳ መውጫ ሲቃረብ፣ አንድ አናጢ ከግቢው ወጥቶ መጣ። ሰባ ዓመት የሚጠጋው፣ ቁመቱ ረዥም፣ ሸሚዙ ላይ የእንጨት ብናኝ ያለበት ሰው ነው። የበር ሥራው የታወቀ ነው፤ የሱን በር ያስገባ ሰው ሌላ በር ሲያንኳኳ ይከፋዋል ይባልለታል። ዓይኑን በእጅጌው ይጠርግ ነበር። ዱካው ላይ ቁጭ አለና «አፏን ከፈተችብኝ» አለ። «ሰዉ ሁሉ እያየኝ። ልጄን በምታክል ሴት።»

ጋሽ ናዳ እንደ ደንቡ ጠየቀው፤ ማን ናት፣ የት፣ ምን አለችዎት። አናጢው ስሟን አያውቅም፤ ሦስተኛው መስኮት ላይ የተቀመጠችው ናት አለ። ምን እንዳለችው ሲጠየቅ ግን ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

«ምን ያላለችኝ አለ» አለ በመጨረሻ። «አንተ የምትጽፈውን ታውቃለህ፤ ጻፈው።»

ጋሽ ናዳ ከዚህ በላይ መጠየቅ ነበረበት? እሱ ራሱ ስንቴ እንደጠየቀኝ አትጠይቁኝ። ግን አስቡት፤ የተሰደበን ሰው «ስድብህን ድገምልኝ» ማለት ያሳፍራል። እና ጻፈ። ጮክ ብሎም አነበበለት፤ አናጢው መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ ስላለ። መነጽሩ የደረት ኪሱ ውስጥ ሲያብለጨልጭ አይቼዋለሁ፤ ሽማግሌ የሆነ ሰው መነጽር ቢረሳ ምን ይገርማል ብዬ አለፍኩት። አናጢው ንባቡን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ተጠንቅቆ ፈረመ፣ እኔም ሦስቱን ኮፒ አነሳሁ። መዝገብ ቤት ተቀበለው፣ ገቢ ቁጥር ተሰጠው፣ ማህተም ተመታ።

በዚያው ቀን አስራ አንድ ሰዓት ላይ ልጅቷ ከግቢው ወጣች። ሁልጊዜ አባቷን ጠረጴዛ በማጠፍ ታግዘውና አብረው ይሄዳሉ። ያን ቀን ጠረጴዛውን አልነካችም። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች፤ የእኔ ኮፒ ነው፣ ከታች በኩል ማሽኔ የሚያሳርፋት ጥቁር ሰረዝ አለችበት።

«አባዬ፣ እኔ ናዳ አወረድኩ?» አለችው።

የሦስተኛው መስኮት ሠራተኛ ለወሊድ ወጥታ፣ ልጅቷን ከፋይል ክፍል አምጥተው ያስቀመጧት ያን ዕለት ጠዋት ነበር። አባቷ አልሰማም፤ እሷም ብትሆን ቤት ስትደርስ ልታበስረው ያሰበችው ነገር ነው። መስኮት ላይ መቀመጥ ዕድገት ነዋ። አለቃዋ ደብዳቤውን ሲያሳያት ፊርማውን አላየችም፤ ያየችው የ«ዳ»ን እግር ነው። በሕፃንነቷ ፊደል የቆጠረችው ከዚያ እጅ ጽሑፍ አይደል።

ምን እንዳለችው ነገረችን። በመስኮቱ መስታወት ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ የቆጣሪ አቤቱታ አምስተኛው መስኮት ላይ ነው የሚል። አናጢው የቆጣሪ ጉዳይ ይዞ መጣ። ወደ አምስት ይሂዱ አለችው። ግራ ገብቶት ቆመ፤ ተመልሶ ጠየቃት። ሦስተኛ ሲጠይቃት፣ ሰልፉ ከኋላ ይገፋል፣ እሷም የመጀመሪያ ቀኗ ነው፣ «አባቴ፣ ተጽፏል እኮ፤ ማንበብ አይችሉም እንዴ?» አለችው። ሰልፍ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ሳቁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች።

ጋሽ ናዳ የሰማውን ደጋግሞ አመላለሰው። ከዚያ እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደና ኪሱ ከተተው። እኔም መነጽሩ ትዝ አለኝ፤ ለልጅቷ ግን ምንም አላልኩም፣ እሱም አላላት። የደንበኛ ነገር አይወራም፣ ይህ ሁለተኛው ደንቡ ነው።

በነጋታው ሱቄን ቆልፌ አብሬው ሄድኩ። አናጢው ቤቱ ሥር ባለች መሥሪያው አንድ የመዝጊያ ሳንቃ እየላገ አገኘነው። ጋሽ ናዳ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም፤ ያቺ ልጅ ልጄ ናት አለው። አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ። ለረዥም ጊዜ ሳንቃውን በመዳፉ ዳበሰና ሸካራ ያልነበረበትን ቦታ ደግሞ ላገው።

«ወንድሜ፣ እኔኮ እንዲያ ትልቅ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር» አለ። «አንተ ስታነብልኝ ነው ያወቅኩት። ናዳ ስትል ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው የሆነብኝ አልኩ።»

ደብዳቤውን ለመመለስ ሦስታችን መዝገብ ቤት ሄድን። የመዝገብ ቤቷ ሴት እግዜር ይስጣት ትሑት ናት፤ ግን ገቢ የሆነ ደብዳቤ ተመልሶ አይወጣም። የምትችለው ማብራሪያ መቀበል ነው። ምን ምን ተብለው እንደተሰደቡ በዝርዝር ጽፈው ያስገቡ፤ ቀላል ሆኖ ከተገኘ ኮሚቴው በምክር ያልፈዋል አለች። ደስ አለን። ከግቢው ስንወጣ ጋሽ ናዳ ሊሮጥ ምንም አልቀረው። ወረቀቱን ዘርግቶ፣ አናጢውን ዱካው ላይ አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ያለችዎትን እንዳለ ልጻፈው። ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ ስድብ አይደለም ይላሉ» አለው።

አናጢው ኪሱ ውስጥ ያለውን መነጽር ነካ አደረገ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ ለእኛ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ማለት ይቻላል፣ ነገሩን ነገረን። ማንበብ አይችልም። ሚስቱ ታውቅ ነበር፣ አሁን በሕይወት የለችም። ልጆቹ አያውቁም፣ አማቾቹ አያውቁም። ፊርማውን እንደ አበባ ሥዕል ተለማምዷት ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ የቤቱን አምስት በሮች የሠራለት ሰው ነው፤ ውሉን አናጢው መነጽር አድርጎ አገላብጦ «አንብቤዋለሁ» ብሎ ፈርሞለታል።

«ማንበብ የሚችል ሰው ይህን ቢሉት ይናደዳል እንጂ ያለቅሳል?» አለ። «ወረቀቱን ያየ ሁሉ ያውቅብኛል። እባክህ ይኼን አትጻፈው። ሌላ ስድብ ፈልግልኝ። ቀለል ያለ።»

እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከክፈፌ ሥር ቁጭ ብለው ቀላል ስድብ ይፈልጋሉ። አናጢው «ሽማግሌ ብላኛለች በል» ሲል፣ ጋሽ ናዳ ሽማግሌማ ነዎት፣ ስድብ አይሆንም ይላል። «ነዝናዛ»ን አነሱ፤ ለደንበኛ ነዝናዛ ማለት በሙከራ ጊዜ ከሥራ ያሰናብታል። «ፈዛዛ»ን ሞከሩ፤ ያም ያው ነው። እኔም ከመስኮቴ ብቅ ብዬ «ቀርፋፋ» ብልስ አልኩ፤ ሁለቱም ዞረው አዩኝና ተመለስኩ። በአፍ ሲባል እንደ ላባ የሚቀለው ሁሉ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ድንጋይ ይሆናል። ጋሽ ናዳ ይህን ያን ዕለት ያወቀው ይመስለኛል፤ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስጠግቶ ያነሳል፣ አስጠግቶ ያነሳል። በመጨረሻ «ልጄን ላድን ብዬ ልጄ ያላለችውን ልጻፍባት?» አለ።

አናጢው እንግዲያው ዋሽቼ ነው ብለህ ጻፍ አለው። ይህን ከልቡ ነው ያለው። ጋሽ ናዳ ግን ራሱን ነቀነቀ። «አልዋሹማ» አለ። «ተሰድበዋል።»

ወረቀቱ ባዶውን ቀረ። አናጢው ሐሙስ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ይቅር ብያታለሁ እላለሁ፣ ከዚያ በላይ ምን ይፈልጋሉ ብሎ ሄደ። እውነት ለመናገር እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጋሽ ናዳ ጠረጴዛውን ዘረጋ እንጂ አልጻፈም። አንድ ሁለት ደንበኛ መጥቶ ሄደ። ዓይኑ የግቢው በር ላይ ነው፤ ሲከፈት ብድግ፣ ሲዘጋ ቁጭ። ለሰው ሁሉ አቤት ያለ ሰው፣ ለልጁ አቤት የሚልበት ቦታ አጥቶ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አራት ሰዓት ሙሉ ተሰቃየ። እኔ ሻይ ባመጣለት አላየውም፤ ቀዘቀዘ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገረችን ልጅቷ ናት። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አናጢው ንጹሕ ኮት ለብሶ መጥቷል፤ ይቅር ብያታለሁ፣ ልጄ ናት አለ። ሰብሳቢው አመሰገነው። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ቃለ ጉባኤው ላይ የተባለው ነገር መስፈር አለበት፤ ደብዳቤው ናዳ ይላል፣ ናዳ ደግሞ አንድ ጠጠር አይሆንም። ስለዚህ ደብዳቤውን በጠረጴዛው ላይ ወደ አናጢው ገፋ አደረገለትና፣ እስኪ እርስዎ ራስዎ እያነበቡ፣ ምን ምን እንዳለችዎት እየነጠሉ ያስረዱን አለው።

አናጢው መነጽሩን አወጣ። በኮቱ ጫፍ ጠረገው። አደረገው። ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ደግሞ ጠረገው። ልጅቷ ፊት ለፊቱ ናት። ወረቀቱን ሲያይ ዓይኑ አንድ ቦታ ቆሟል አለችን፤ ሰው ሲያነብ ዓይኑ ይራመዳል፣ የሳቸው ግን አልተራመደም። ያኔ ገባት።

እንግዲህ እዚያች ደቂቃ ላይ እውነቱ በእጇ ነበር። «ያልኳቸው አንድ ነገር ነው፣ ማንበብ አይችሉም ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ» ብትል፣ በምክር ታልፋለች፤ የቀራትን ስድስት ቀን ጨርሳ ቋሚ ትሆናለች። ሰብሳቢው ደግሞ ቀና ብሎ አናጢውን ያየዋል፣ ወረቀቱን ያየዋል፣ አምስቱን በሮች ያስታውሳል።

«ማንበብ አያስፈልጋቸውም» አለች። «ሰድቤያቸዋለሁ። የተጻፈው ልክ ነው።»

አናጢው «የለም፣ የለም» ብሎ ተነሳ። ሰብሳቢው እጁን አንስቶ አስቀመጠው፤ የይቅርታ አድራጊ ደግነት መሰለው። ጸሐፊዋ ጥፋቷን አምናለች ብላ ጻፈች። ብትክድ ኖሮ ምስክር እንፈልግ ነበር፣ አሁን ግን እጃችን ታስሯል አላት ሰብሳቢው፤ ከልቡ አዝኖ። በሙከራ ጊዜ ተገልጋይ የሰደበ ሠራተኛ ቋሚ አይሆንም። ደንቡ ከሷም ከሱም በፊት የነበረ ነው።

ዕቃዋን በአንድ ፌስታል ይዛ ወጣች። ጋሽ ናዳ ከፌስታሉ አወቀ፤ ምንም አልጠየቀም። ሁሉን ከነገረችው በኋላ ብቻ «ለምን?» አላት።

«ጠየቅኳቸው፣ አባዬ» አለች። «ዛሬ መለሱልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ናዳ ሌላ ጸሐፊ ሆኗል። ሰው መጥቶ «አፉን ከፈተብኝ» ሲለው፣ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቃሉን ይጠይቃል። ምን አለ? መጀመሪያ የትኛውን አለ? እርስዎስ ምን አሉት? ሰዉ ይጨንቀዋል። አንዷ ሴት «እኔ ልከስ መጣሁ እንጂ ልናዘዝ መጣሁ?» ብላው ተነስታ ሄደች። ከመንገዱ ማዶ አዲስ ጸሐፊ ተቀምጧል፤ ኮምፒውተር አለው፣ ሳይጠይቅ «የስድብ ዶፍ አወረደብኝ» ብሎ ይጽፋል። ሰልፉ ወደዚያ ዞሯል። ቀድሞ ናዳ፣ አሁን ዶፍ። እኔም ኮፒዬ ቀነሰ እንጂ አልተቀየምኩም።

አናጢው አንዳንዴ ይመጣል። ደንበኛ በሌለበት ቀን ዱካው ላይ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ብዙም አይነጋገሩም። አንድ ቀን መጥቶ የጠረጴዛዋን አጭር እግር ቀጥሎ፣ የእኔን ካርቶን አውጥቶ መለሰልኝ። ልጅቷ ፊት ግን መቆም አይችልም። ከሩቅ ካያት መንገድ ይሻገራል። እሷ ደግሞ አንድ ጊዜ ሮጣ ደርሳበት እጁን ይዛው ነበር፤ እሱ እያለቀሰ «ምን ላድርግልሽ?» አላት፤ ምንም፣ አባቴ አለችው። እውነትም ሊያደርግላት የሚችለው የለም። ይህን ታሪክ ልጽፈው ነው ብዬ ፈቃድ ስጠይቀው ብቻ ትንሽ ሳቅ አለ። «ስሜን አትጥሪ እንጂ ጻፊው» አለኝ። «እኔ እንደሆነ አላነበው።»

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ሌላ መሥሪያ ቤት የሥራ ማመልከቻ ቅጽ ይዛ መጣች። የኔ ጽሑፍ ጠማማ ነው፣ አባዬ አንተ ሙላልኝ አለችው። ጠማማም አይደል፤ ለሱ ብላ ነው። ጋሽ ናዳ ተደሰተ። ስም ሞላ፣ ዕድሜ ሞላ፣ የትምህርት ደረጃ ሞላ፣ በዚያ በሚያምር እጁ። ከዚያ አንድ መስመር ላይ ደረሰ፦ «ከቀድሞ ሥራዎ የለቀቁበት ምክንያት»።

እስክሪብቶውን ወደ ጆሮው ወሰደው። ወደ ወረቀቱ መለሰው። ከመስኮቴ አየዋለሁ። ተሳድባ ነው ብሎ ቢጽፍ ማን ይቀጥራታል። አልተሳደበችም ብሎ ቢጽፍ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ተሳድባለች ይላል። እውነቱን ቢጽፍ የሷ ብቻ እውነት አይደለም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ለማንም መጻፍ ያልቸገረው ሰው፣ አንድ መስመር፣ የእጅ ጣት የማታክል መስመር። ልጅቷ አጠገቡ ቆማ ትጠብቃለች፤ አትቸኩልም። እሱም ቀና ብሎ አያያትም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ቅጹን በመስኮቴ አቀበለኝ። «ሦስት ኮፒ፣ እህቴ» አለኝ።

መክደኛውን ከፍቼ አየሁት። ሁሉም ተሞልቷል። ያቺ መስመር ብቻ ባዶ ናት፤ ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ እስክሪብቶ አርፎ የተነሳበት አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አለች። እስክሪብቶው ቆይቶባት ሰፍታለች። መክደኛውን ዘጋሁና ሦስት ኮፒ አነሳሁ። ነጥቧ በሦስቱም ላይ ወጣች።